ነጯ ቤንዚንና ነጯ ናፍጣ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005

«ናፍጣዋ ትሻላለች» ብዬ ከቁርስ ተነሣሁ። ለምን እንዳልሁ አላውቅም። አባባ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር፤ ሲያዩኝ ጊዜ ከአፌ ወጣ። እሳቸው ደስ አላቸው፣ ኮታቸውን ደርበው ወደ ማንኩሳ ወደ ወፍጯቸው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። እምዬ መስከረም መጀመሪያ ላይ ባሕር ዳር ሆዷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። በየወሩ እየሄደች ቁስሉን ማሳየት አለባት። ባለፈው ወር በሚኒባስ ወሰድኋት። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተጠጋጋን፤ ከዳንግላ ወዲያ ደግሞ የአንዲት ሴትዮ የጤፍ ከረጢት የእምዬ ጭን ላይ አረፈ። ስንደርስ ስፌቱ ተላቅቆ ነበር። ሐኪሙ የተቆጣው እኔን ነው። «ሁለተኛ እንዲህ አድርገሽ ካመጣሻት እኔ አላውቅም» አለ። የሚቀጥለው ቀጠሮ የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ነው፣ ኅዳር 11።

ስለዚህ አባባ ትንሽ የቤት መኪና ሊገዙ ቆርጠዋል። ቡሬ፣ አቶ ፈንታ የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ ሁለት መኪናዎች ቆመዋል። ሞዴላቸው አንድ፣ ሁለቱም ነጭ፣ የተሠሩበት ዓመት አንድ። የሚለያዩት በሞተር ብቻ ነው። አንዷ ቤንዚን ናት፣ አንዷ ናፍጣ። ቅዳሜ አንዷን እንወስዳለን።

«ኢንጂነር እቤቴ ተቀምጣ ሰው አልጠይቅም» አሉ አባባ። ሐምሌ ላይ ተመርቄ ከመጣሁ ወዲህ በሙያዬ ስጠየቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀበሌ የጠየቀኝ የኮብልስቶን ሥልጠና እንድመዘገብ ነበር።

እኔ ደግሞ ለደስታቸው ስል መለስሁ። የአባባ ወፍጮ ሃያ ዓመት በአንድ የናፍጣ ሞተር ሲፈጭ ኖሯል። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። በእኛ ቤት ናፍጣን መንቀፍ ዘመድን እንደመንቀፍ ነው።

መኪናዋ ቆማ እምዬ መንገድ ላይ ብትቀርስ? ይህን ያሰብሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ደብተር ይዤ ተቀመጥሁ።

ናፍጣዋ። ትንሽ ጠጥታ ብዙ ትሄዳለች። ዳገት አትፈራም። ነዳጇ ከአባባ በርሜል ነው፣ ማደያ ደጅ መጥናት የለም። ብርድ ግን አትወድም፤ ኮሶበርን በማለዳ ማለፍ አለብን። ፈረስ ቤት አክስቴ ጋ ከሄድንማ አለቀልን። ትንቀጠቀጣለች። የነዳጅ ፖምፓዋ ከታመመ ደግሞ መድኃኒቱ ባሕር ዳር ነው።

ቤንዚኗ። ለስላሳ። ብርድ ላይ ቶሎ ትነሣለች። ማንም ጋራዥ ይፈታታታል። ብዙ ትጠጣለች። እና ቤንዚኑ አለ ወይ?

ለዚህኛው መልስ ማደያ ድረስ ሄድሁ። በሩ ላይ በጠመኔ «ቤንዚን የለም» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ ከመቆየቱ የተነሣ ግማሹ ለቋል። ቀጂውን ጠየቅሁት።

«ሐሙስ ይገባል ተብሏል።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«እሱን አልነገሩንም።»

ጥግ ላይ ባጃጆች ተደርድረዋል። አንደኛው የደመቀ ነው፤ እስከ አሥረኛ ክፍል አብረን ተምረናል። እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ ነበር፤ ሲያየኝ ተነሣ።

«ኢንጂነር፣ ድንጋይ መጥረብ አልጀመርሽም እንዴ?»

«ከአንተ ልጀምር ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሳቀ። ቀጥሎ ግን ከልቡ መከረኝ። መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን እንዳልነካ፣ ላምባ እንደሚቀላቅሉበት፣ የእሱ ባጃጅ ሁለት ቀን ስታስል እንደከረመች ነገረኝ። «ናፍጣ ግዙ፣ እረፉ» አለ። ባለ ቤንዚኑ ራሱ እንዲህ ካለ!

ወደ ቤት ስመለስ «ናፍጣ» የሚለውን አሰመርሁበት። ከሰዓት በኋላ መስመሩን ሰረዝሁት። አመሻሽ ላይ ገጹን ቀደድሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ቡሬ ሄጄ አየኋቸው።

አቶ ፈንታ አፋቸው ጥሩ ነው። «መንታ ናቸው» ይላሉ፣ «አንድ ማኅፀን፣ አንድ ቀን»። መካኒካቸው አያ ስንሻው ግን ስድሳውን ያለፉ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆመው ያዳምጣሉ እንጂ እቃውን አያሞግሱም።

መጀመሪያ ናፍጣዋን አስነሡልኝ። ቁልፉ ገና ሲዞር ተነሣች። ልቤ ቀለል አለኝ፤ እንግዲህ ሰኞ ያልሁት ልክ ሊሆን ነው። ኮፈኑ እንዲከፈትልኝ ጠይቄ እጄን ስጭን ግን ሞተሩ ትኩስ ነው። በአንድ ደቂቃ እንዲህ አይሞቅም። እኔ ከመድረሴ በፊት አሙቀው አጥፍተዋታል።

ምን ልበል? አቶ ፈንታ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ነገ በማለዳ መጥቼ ሳትነካ ባያት ምን ይልዎታል?» አልሁ።

«ዛሬ ያየሻት አትበቃም?»

«ዛሬ ያየኋት ቁርሷን በልታ ነው።»

አያ ስንሻው ጨርቁን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ መሰለኝ ሳቃቸውን ሸሸጉ። «ቁልፎቹን እኔ ይዤ አድራለሁ» አሉ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድረሺ።»

በሚኒባስ ስመለስ የማላውቀው ደስታ ተሰማኝ። አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የተማርሁት ነገር ዛሬ መዳፌ ላይ ነበር። ማንኩሳን ስናልፍ የአባባ ወፍጮ ቱግ ቱግ ሲል ሰማሁት። ደስታዬ እዚያው ቀነሰ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋቢ ለብሼ ነው የሄድሁ፤ ለኢንጂነር አይመችም ግን ሞቆኛል።

ቤንዚኗ በአንድ ዙር ተነሣች። ትንሽ ትንተባተባለች፤ ካርቡራተሯ መታጠብ ይፈልጋል፣ ቀላል ነው። ናፍጣዋ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እምቢ አለች። በአራተኛው ነጭ ጭስ ግቢውን ሞልታ ተነሣች።

«ብርዱ ነው» አሉ አቶ ፈንታ።

«ብርዱማ ነገም አለ» አሉ አያ ስንሻው።

ከተነሣች በኋላ ግን ድምፅዋ ጤነኛ ነው። ማሞቂያ ካንዴላዎቿ ቢቀየሩ ትድናለች። ይህን ስል አያ ስንሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሞተሮቹ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ልጄ። የምታጠጫቸውን ነው የምትጠይቂው። ከየት ትቀጃለሽ?»

«ከአባቴ በርሜል። ወፍጮ አለን።»

ወደ ዕቃ ቤታቸው ገብተው አንድ አሮጌ የናፍጣ ማጣሪያ ፊልትሮ አምጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ተሰንጥቆ ተከፍቷል። «ጫን በይው።» ጫን አልሁት። ሊጥ ነው። በእውነት ሊጥ፣ ግራጫ፣ ከጣት የሚጣበቅ።

ነገሩን ነገሩኝ። አንድ ባለ ወፍጮ ፒካፕ ገዝቶ ከወፍጮው በርሜል እየቀዳ ያጠጣት ነበር። በሁለተኛው ወር ዳገት ላይ ቆመች። የወፍጮ ቤት አየሩ ራሱ ዱቄት ነው፤ በርሜሉ በተከፈተ፣ ማጥለያው መሬት በተቀመጠ ቁጥር ይገባል። ብርዱ ደግሞ በርሜሉን ከውስጥ ያልበዋል፣ ውኃው ከሥር ይጠራቀማል።

«የአባቴ ሞተርስ? ሃያ ዓመት ሙሉ ጠጥቶታል።»

«እሱ የበሬ ሆድ ነው ያለው፣ ያገኘውን ይፈጫል። የዚች ናፍጣ መርጫ ኖዝል የመርፌ ቀዳዳ አያህልም።»

እየሄድሁ ሳለ ኮሶበርን አሰብሁ። እምዬ የኋላ ወንበር ላይ፣ እኔ ኮፈን ከፍቼ ሊጥ ስጠርግ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ዛሬ ክፉ ቀን ነበር።

ማንኩሳ ሄጄ ከአባባ በርሜል ግርጌ በቀጭን ቱቦ ስቤ ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ አኖርሁት። መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። እህል ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች እየመጡ ያያሉ። አንዷ «ምነው እናኑ፣ ጠላ ነው የጠመቅሽ?» አለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተለየ። ከታች ውኃ፣ መሐል ላይ ግራጫ ዝቃጭ፣ ከላይ ናፍጣ።

አባባ ሞተሩን አጥፍተው መጡ። ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ነው። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

«ሃያ ዓመት አንድ ቀን ቆሞብኝ አያውቅም።»

«የወፍጮው አይቆምም፣ አባባ። የመኪናዋ ነው የሚቆመው።»

«በነጠላ አጥልዬ ነው የምቀዳው።»

«ነጠላው ራሱ ዱቄት ለብሷል።»

ይህን ባልል ይሻል ነበር። ሴቶቹ ይሰማሉ። አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሲቆጡ ዝቅ ያደርጋሉ። «ሰኞ ዕለት ናፍጣ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ደስ እንዲልዎ ብዬ ነው።»

«ታዲያ የዛሬው ምን እንዲለኝ ነው?»

«እምዬ መንገድ ላይ እንዳትቀር ነው።»

ብልቃጡን ከሚዛኑ አጠገብ አኖሩና ማስነሻውን አዙረው ሥራቸውን ቀጠሉ። የሞተሩ ድምፅ ከተነሣ በኋላ መነጋገር አይቻልም። ያወቁት ይመስለኛል።

እውነቱን ልጻፍ፤ ገና አልቆረጥሁም። ናፍጣዋን ከማደያ ብንቀዳላት ሊጡ አይኖርም፣ ናፍጣ ደግሞ አይጠፋም። ቤንዚኗን ብንወስድ ማደያው ባዶ ነው። ዛሬ ያደረግሁት አባቴን ሰው ፊት ማሳፈር ብቻ ነው? እራት ላይ አላናገሩኝም። «ጨው አቀብይኝ» ያሉት እንኳ በእምዬ በኩል ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

አቶ ፈንታ አንዷን፣ አያ ስንሻው አንዷን እየነዱ በራችን ላይ አቆሟቸው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

አባባ «እሷ ትቀመጥባቸው» አሉ። እምዬን ማለታቸው ነው። ሳምንት ሙሉ ሞተር ስናወዳድር እሷን የጠየቃት የለም፣ እኔም ጭምር።

መጀመሪያ ናፍጣዋ ላይ አስቀመጥኋት። አያ ስንሻው በቀስታ እስከ ከተማው መውጫ ነዱ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አያታለሁ። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። «እንዴት ነው፣ እምዬ?» ስል «ደህና ነው» ትላለች። ለእምዬ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ስንመለስ ግን ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር።

«ሽታው ነው?» አልኋት።

«የአባትሽ ልብስ ሽታ አይደል? ሳጥበው ኖሬያለሁ። መንቀጥቀጡ ነው እንጂ፣ ከቁስሉ ጋር ያወራል።»

ቀጥሎ ቤንዚኗ። ያው መንገድ፣ ያው ቀስታ። ስንመለስ አልወርድ አለች። ቀና ብዬ ሳያት ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ቀን ላይ ስትተኛ አላየሁም።

አባባ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩዋት። ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ይህችኛዋን» አሉ።

አቶ ፈንታ ደነገጡ። «ባለ ወፍጮ ሆነው? በርሜል ሙሉ ናፍጣ እያለዎት?»

«በርሜሌ ዱቄት አለበት» አሉ አባባ፤ ያ ሁሉ ጎረቤት በቆመበት። አያ ስንሻው ጫማቸውን ተመለከቱ። እኔ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብሁ።

አቶ ፈንታ ናፍጣዋን ይዘው ሲሄዱ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «ቤንዚኑን እንግዲህ ኢንጂነሯ ከቧንቧ ትቅዳላችሁ።»

ሁሉም ሳቀ። ቁልፉን ከፍቼ የነዳጁን መርፌ አየሁት። ቀዩ ላይ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችን መጥተው መኪናዋን ጸበል ረጯት። ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። አባባ «ጸበሉ ገብቷል፣ የቀረው ቤንዚኑ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይቀልዳሉ፤ ግን ከእኔ ጋር ገና በአጭር በአጭሩ ነው የምንነጋገረው።

ማደያ ሦስት ጊዜ ሄድሁ። የለም። የለም። ዘበኛውም የለም።

መንገድ ዳር አምስት ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ አየሁ። አንዱን ከፍቼ አሸተትሁ፤ ላምባ፣ ሳይደበቅ። ሻጯ «መኪና አይደለችም እንዴ፣ ምን ትመርጣለች?» አለችኝ። ልገዛ ምንም አልቀረኝም ነበር። ጠርሙሱን መልሼላት ሄድሁ።

ካርቡራተሩን አውርጄ አጠብሁት። እጄ ሥራ ሲይዝ ሐሳቤ ይረጋል። ስጨርስ ትንተባተብ የነበረው ለቀቃት። በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነገ ካልተገኘ ማክሰኞ በሚኒባስ ነው። ሚኒባስ ማለት ደግሞ ስፌቱ ነው። ያስመረጥሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ፤ ደመቀ ነው። «ቦቴ ገብቷል። እንደተኛሽ ነይ።»

ስደርስ ስድስተኛ ነበርሁ፤ ሲነጋ ከኋላዬ መጨረሻው አይታይም። መቅዳት የጀመሩት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ለአንድ መኪና ሃያ ሊትር ብቻ፣ የወረዳው ትእዛዝ ነው ተባለ። አንዱ የመንግሥት መኪና ከፊት ገባ፣ ሌላም ተከተለ። ስድስተኛ የነበርሁት አሥራ አንደኛ ሆንሁ። ደመቀ ባጃጁን አጋድሞ ባያቆምልኝ ሃያኛ እሆን ነበር።

አራት ሰዓት ግድም አባባ መጡ። ወፍጮውን ዘግተው ነው የመጡት፣ በሰኞ! ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል፤ በመስኮት ሰጡኝና መኪናዋን ተደግፈው ቆሙ። ቀጂው ከሩቅ አያቸው።

«አያ ይርሳው፣ ናፍጣው በወዲያ በኩል ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አባባ። «ዛሬ በዚህ በኩል ነኝ።»

ተራችን እስኪደርስ አልሄዱም። ሲቀዳ ቁጥሩ ሃያ ላይ እስኪቆም ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። «ይህ ያደርሳል?» አሉኝ።

«ለመሄጃ ያደርሳል።»

«ለመመለሻስ?»

«እዚያ እንፈልጋለን። የምናገኝ መሆናችንን አላውቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዓርብ ወዲህ ፊት ለፊት ያዩኝ ያን ጊዜ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ባሕር ዳር፣ ሆስፒታሉ ግቢ። ከጥድ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። እኔ ነዳሁ፤ መንጃ ፈቃዴ ዓመት ባይሞላውም አባባ ቁልፉን ወርውረውልኝ ከኋላ ገቡ። እምዬ ከፊት፣ ወንበሯ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ትራስ ሆዷ ላይ። ኮሶበር ላይ መስተዋቱ ጭጋግ ለበሰ፣ ሞተሩ ግን ምንም አላለም። ዱርቤቴ ላይ ለሻይ አቆምን። እምዬ ሁለት ጠጣች፤ በሚኒባሱ ጊዜ ውኃ እንኳ አልወርድላት ብሎ ነበር። ከመራዊ ወዲህ አባባ እያንኮራፉ ነበር።

ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው። ቁስሉን አየ፣ ጫን ጫን አደረገ። «በምን መጣችሁ?» አለ። ነገርሁት። «ደርቋል፣ ጥሩ ነው። ከእንግዲህ በሦስት ወር አንዴ ይበቃታል።»

እምዬ አሁን መኪናው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። ለዚህ ነው መኪናዋን ያላንቀሳቀስናት። መርፌው ከሩብ በታች ነው። አባባ አንድ ቢጫ ጀሪካን ገዝተው ቤንዚን ፍለጋ ከሄዱ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል። ስልካቸው አይነሣም። አንደኛው ማደያ ነገ ኑ ብሏል፣ ሌሎቹን አላውቅም። እሄዳለሁ ብላቸው እምቢ አሉ፤ «አንቺ እሷን ጠብቂ።»

ሌላም ጭንቀት አለኝ። አባባ ሃያ ዓመት ሙሉ ማደያ ገብተው የተናገሩት ቃል አንድ ብቻ ነው፣ «ናፍጣ»። ሲሄዱ «ቤንዚን ነው እኮ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እንዴት እላቸዋለሁ? አሁን ግን ባልሁ ኖሮ እላለሁ።

በሩ ላይ ታዩኝ። እንዴት እንደሚራመዱ አየሁ፤ ወደ ቀኝ አዘንብለዋል፣ ግራ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተዋል። በባዶ ጀሪካን ሰው እንዲህ አያዘነብልም። ሞልቷል። በምን እንደሞላ ነው የቀረው።

ተነሥቼ ወደ እሳቸው ሄድሁ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ነው። አሥር እርምጃ ሲቀረን አሸተትሁት።

ቤንዚን ነው።